የሕፃናት ቆረቆርና ጭርት፦ ሕክምናውና ጥንቃቄው

ቆረቆርና ጭርት በፈንገስ አማካይነት የሚመጡ፣ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታዩ ተላላፊ የቆዳ በሽታዎች ናቸው። ጭርት በገላ ላይ ዳሩ ጎላ ያለ፣ የሚያሳክክ ክብ ሽፍታ ያወጣል፤ ቆረቆር ደግሞ በራስ ቆዳ ላይ ቅርፊት እየፈጠረ ፀጉር በየቦታው እንዲነቃቀል ያደርጋል።

የሁለቱ ሕክምና የተለያየ ነው። ለጭርት እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት በቀን 2 ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል፤ ምልክቱ እንደጠፋ ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። በቆረቆር ግን ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ስለሆነም በጤና ባለሙያ የታዘዘ፣ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ መድኃኒት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢወሰድ ይመረጣል።

ቤታሜታሶንን የመሰሉ ቅባቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግስም በሽታውን ያስፋፋል። የሕፃኑን ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ፎጣ መለየት፣ እኅት ወንድሞቹንም ማስመርመር ይገባል። የራስ ቆዳው አብጦ መግል ከያዘ ሕፃኑን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ከዘገየ ፀጉሩ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።