ዕጢው ወጥቶ ለምን ይመለሳል?

ቡና ላይ ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ፦ «ጭንቅላቱን ባይከፍቱት ኖሮ ዕጢው ባልተሰራጨ!» ለቀዶ ጥገናው የፈረመው ዘመድም ይወቀሳል። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል ካንሰር ግን ቢላ ሳይነካውም ይዛመታል።

ሴሎቹ እንደ ሰርዶ ሥር ከዕጢው ወጥተው፣ ዙሪያቸውን እያሟሙ፣ የደም ሥሮችንና የነርቭ ክሮችን ይዘው ይሾልካሉ፤ ብዙዎቹ በኤምአርአይ እንኳ አይታዩም። አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1928 (እ.ኤ.አ.) የአንጎልን ቀኝ ግማሽ ሙሉ በሙሉ ማውጣቱን ጽፎ ነበር፤ ካንሰሩ ግን በቀረው በኩል ብቅ አለ።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ጨረርና መድኃኒት የሚታዘዘው የተበተኑትን ለማሳደድ ነው። ዕድሜ ይጨምራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይፈውስም፤ ይህን አንደብቃችሁም። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ መንዘፍዘፍ ያየ ሰው ግን ክሊኒክ ለመሄድ አይዘግይ።