የአሮጌ ቤት ባለቤትነት እንዴት ይጠናል?

በአዲስ አበባ አራዳ፣ በዘመነ ምኒልክ የመጡ የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ያሠሯቸው ባለሰገነት ቤቶች ነበሩ፤ ጥቂቶቹም እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የእነዚህ ቤቶች ታሪክ በወረታና በፎገራ ላሉ ሰበካ ጉባኤያት የሚያስተምረው አለ።

ቤቶቹ በሽያጭና በውርስ ሲተላለፉ ኖረው፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቅዶ ትርፉ ተወረሰ፤ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ የበለጠው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ቤተ ክርስቲያናችንም የኪራይ ቤቶቿን ያጣችው ያኔ ነው፤ የገጠር ርስቷ ቀደም ብሎ በየካቲት 25 አዋጅ ተወስዶ ነበር።

እንግዲህ «ይህ ቤት የማን ነው?» ሲባል ጥያቄው ሁለት ነው፤ ግድግዳው የማን ነው፣ መሬቱስ በማን ይዞታ ሥር ነው? የሽማግሌዎች ቃል ክቡር ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የሚጠይቀው ግን ወረቀት ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ፣ የሽያጭ ወይም የስጦታ ውል፣ የቀበሌ የኪራይ ውል ካለ ዛሬውኑ ይሰብሰብ። ከተማው እየሰፋ የእርሻ ቦታ ወደ ከተማ ክልል ሲገባ በገጠር የተሰጠው የይዞታ ደብተር እንዳይጣል አደራ እንላለን። ዋናው በአጥቢያው፣ ቅጂው በወረዳው ቤተ ክህነት ይቀመጥ።