ከሰሊጥ ማሳ የተመለሰ ገላ

ከሊማሊሞ ግርጌ ካለችው ድብ ባሕር አንስቶ እስከ ደባርቅና ዳባት ደጋ ድረስ፣ ክረምት ሲገባ ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ሲመለስ ከኪሱ በፊት የሚታየው ጉንጩ ነው። ሞላ ብሎ ከመጣ «ቆላው ተስማምቶታል» ይባላል። ከስቶ ከመጣ አክስቱ «ምነው ልጄ፣ ከሳህብኝ?» ትላለች፤ ጎረቤቱ ቡና ላይ «ያ በሽታ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ ኤችአይቪ ማለቱ ነው።

ቆላው ግን ካላዛር አለበት። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው፤ ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሥጋን ያሟጥጣል፣ ጣፊያን ያሳብጣል። እጅና እግር ይቀጥናል፣ ሆድ ይነፋል። ካልታከሙት ይገድላል፤ ቶሎ ከታከሙት አብዛኛው ሰው ይድናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥም ለዚሁ የቆመ የሕክምና ማዕከል አለ። ነገሩን የሚያወሳስበው ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው በዚህ አካባቢ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሐሜቱ አልፎ አልፎ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ሐሜተኛውም ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም።

የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምርም ገላ ማሳበቁን አልተወም። በወቅቱ በስፋት ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን ከጊዜ ብዛት የጉንጭና የእግር ስብ ያሟሟል። ሰውየው ጉልበቱ ተመልሶ ሥራ ገብቶ፣ ፊቱ ግን ሰርጉዶ ምስጢሩን ያወጣበታል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንዲተዉት የመከረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

ገላን አይቶ መፍረድ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለሕፃናት የስድስት ልጆችን ሥዕል አሳይተው የሚወዱትን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ቢጠይቁ፣ ወፍራሙ ልጅ ከአካል ጉዳተኞቹም በታች መጨረሻ ሆነ። እኛ ዘንድ መጨረሻ የሚሆነው ከሲታው ይመስለኛል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭን ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ረኃብን የሚያውቅ አገር ውፍረትን ቢያደንቅ አይፈረድበትም። ከተማ ላይ ግን ቦርጫሙም አይተርፍም፦ ወይ ጉቦ በልቷል፣ ወይ ሰነፍ ነው።

የከሲታው ዕዳ ግን ይከብዳል። ቤተሰቡ ገበናውን ለመሸፈን ልጁን ደብቆ በቅቤና በገንፎ ሊያወፍረው ይሞክራል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ያለበት የቆላ ተመላሽ ለካላዛር መመርመር ሲገባው፣ «ትንሽ ሥጋ ይልበስና ይወጣል» እየተባለ ወር ያልፋል።