በመዳፍ ላይ የሚቀልጥ ቅቤ

የካካዎን ቅቤ ቁራጭ በመዳፉ የያዘ ሰው፥ ቀድሞ እንደ ሰም ጠንክሮ በጥፍር ሲጫኑት ይፈረፈር የነበረው ያ ፈዛዛ ቢጫ ነገር፥ እሳት ሳይነካው በገላው ሙቀት ብቻ ጠርዙ እየለሰለሰ፥ ኋላም እንደ ጠራ ዘይት ሆኖ በጣቶቹ መካከል ሲወርድ ያያል። የዚህም ምስጢር የሚቀልጥበት ሙቀት ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ከሰው ገላ ሙቀት ጋር መቀራረቡ ነው፤ መድኃኒት ቀማሚዎችም ይህን ባሕርዩን አውቀው፥ በአፍ መዋጥ ለማይችል ሕሙም በፊንጢጣ የሚሰጠውን መድኃኒት በእርሱ ለውሰው ሲያዘጋጁ ኖረዋል።

ቅቤው የሚገኘው የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ቴዎብሮማ»፥ ማለትም «የአማልክት ምግብ»፥ ብሎ ከሰየመው የካካዎ ዛፍ ነው። የጋናና የአይቮሪ ኮስት ገበሬ ፍሬውን ሰንጥቆ፥ በነጭ ለስላሳ ሥጋ የተለበጠውን ዘር ያወጣና በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ካብላላው በኋላ በፀሐይ ያሰጣዋል፤ የዚህም ዘር እኩሌታው ያህል ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 የአምስተርዳሙ ቫን ሃውተን በመጭመቂያ መኪና ስቡን ከዘሩ የሚለይበትን ብልሃት ባስመዘገበ ጊዜ የፈለገው ቅቤውን ሳይሆን በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ነበር።

ገላን ሲቀቡት የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው፤ ለቆዳ ውሃ አይጨምርለትም፥ ያለውን ውሃ ግን እንዳይተንበት እንደ ክዳን ሆኖ ይጠብቅለታል፤ ስለዚህም ገላን ታጥቦ እርጥበቱ ሳይጠፋ የተቀባው ሰው፥ በደረቀ ቆዳ ላይ ከቀባው ይልቅ ይጠቀማል። ቅባት የሚበዛበትን ፊት ግን ቀዳዳውን ደፍኖ ብጉሩን ሊያባብስ ስለሚችል፥ ወዛም ፊት ያለው ሰው ለእጁና ለእግሩ ቢያደርገው ይሻለዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፥ እርጉዝ ሴት ሆዷ ላይ ሸንተረር እንዳይወጣ ብላ ከጎደለ ገንዘቧ ቀንሳ በተስፋ የምትገዛው መሆኑ ነው፤ በሊባኖስና በጃማይካ ሐኪሞች እርጉዞችን በሁለት ከፍለው፥ እኩሌቶቹን የካካዎ ቅቤ ያለበትን፥ እኩሌቶቹን የሌለበትን ቅባት አስቀብተው ቢመረምሩ፥ ሸንተረሩ በሁለቱም ወገን ሳይለይ ታየ። ሸንተረር የሚወጣው ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለው ክፍል ሲለጠጥ ነውና፥ ከላይ የሚቀባ ስብ እስከዚያ ደርሶ ሊከለክለው አልቻለም።

ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ ግን የታመነ ነው፤ ማታ እግርን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፥ በፎጣ አበስ አድርጎ፥ በመዳፍ ሙቀት ያሟሟውን ቅቤ በስንጥቁ ላይ አሽቶ፥ ካልሲ አጥልቆ ማደር ነው።