ከጎሬ እስከ ጅዳ፦ በረራው ስንት ሰዓት ነው? ኢሕራምስ መቼ ይነየታል?

ከመቱ፣ ከጎሬና ከአካባቢው ለሐጅና ለዑምራ የሚነሱ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ጅዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብለው ነው። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ጥያቄው ከዒባዳ ጋር የተያያዘ ነው።

ጎሬና ቦሌ በቀጥታ መስመር 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በመኪና በመቱ፣ በበደሌና በጅማ ሲኬድ ግን ርቀቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። የጎሬ መቱ ኤርፖርት ጉዳይ የአካባቢውን ሰው የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ከቦሌ ጅዳ ደግሞ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መነሳቱና ማረፉ ተጨምሮበት ከሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቀይ ባሕርን ከመሻገር ይልቅ አዲስ አበባ መድረሱ ነው የሚያደክመው።

የበረራው ማጠር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐጅ ወይም ዑምራ ያሰበ ሰው ሚቃትን ያለ ኢሕራም ማለፍ የለበትም። ከደቡብ ለሚመጣ ቅርብ የሆነው ሚቃት የየመን ሰዎች ሚቃት የለምለም ነው። በላዩ ባናልፍም ትይዩው ይታሰባል፤ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የዒራቅ ሰዎች ቀርን ከመንገዳቸው እንደራቀባቸው ሲነግሯቸው ትይዩውን እንዲያዩ አዘው ዛቱ ዒርቅን ወስነውላቸዋል።

የለምለም ከጅዳ ኤርፖርት በስተደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለመኪና ረጅም መንገድ ነው፤ አውሮፕላን ግን ወደ ማረፊያው እየወረደም በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። እንቅልፍ ያሸለበው ሰው ሲነቃ ጅዳ ደርሷል! ስለዚህ ለማረፍ 40 ደቂቃ ያህል ሲቀር ነይቶ ተልቢያ መጀመር ይሻላል፤ ከሚቃት ቀድሞ መነየት ኢሕራሙን አያበላሸውም። ጅዳ ከደረሱ በኋላ መነየት ይበቃል ያሉ ዑለሞች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ ይመለስ፣ ካልተመለሰ ደም አለበት ይላሉ። የኢሕራም ልብሱን ከቤት ወይም ቦሌ ላይ ለብሶ መሳፈር ይቀላል። ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ከገባ አየር ላይ ማግኘት አይቻልም።

ሰዓትን በተመለከተ ጅዳና አዲስ አበባ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር አካባቢ ስለሆኑ ዙህር እንኳ የሚገባባቸው በሁለት ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ነው። ልዩነቱ ያለው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው፦ ጎሬ ከአዲስ አበባ ከሦስት ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ትርቃለች፤ ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ሲታሰብ 13 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። በረመዳን የአዲስ አበባን የመግሪብ አዛን በቴሌቪዥን ሰምቶ ጎሬ ላይ የሚያፈጥር ሰው፣ የሚያፈጥረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።