ትልቅ ነው፣ ያምራል፤ ግን እውነቱን ይናገራል ወይ?

በዚህ እትም ስለ ኮምፒውተር ሞኒተር አመራረጥ ይዘን ቀርበናል። «መጽሔቱ በእጅ እየተጻፈ ሞኒተር ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። መጽሔታችንማ ወደፊትም በእጅ ይጻፋል። ነገር ግን የወላጆች በዓል ባነር፣ የክበባት ማስታወቂያ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡ ተማሪዎች የሚሰጠው ሰርተፊኬት ሁሉ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በኮምፒውተር ዲዛይን ከተደረገ በኋላ ነው።

እንደምታውቁት ክበባችን በወላጆች በዓል ቀን ሻይና ዳቦ ሸጦ ባጠራቀመው ገንዘብና ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በጨመረለት ድጋፍ አንድ ሞኒተር ሊገዛ ነው። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው። የማይሆን ዕቃ ከገዛን ሌላ ለመግዛት ስንት ዓመት ሻይ እንደምንሸጥ እናንተው አስቡት።

በስብሰባው ላይ አብዛኛው አባል «32 ኢንች ይሁን! ጎበጥ ያለውና የሚያብረቀርቀው ይሁን!» ብሏል። ትልቅነትም ውበትም መጥፎ ነገር አይደሉም። ግን አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ የለ? ለዲዛይን ሥራ የሚሆን ሞኒተርም ከማማሩ በፊት እውነት መናገሩ ይቅደም። እውነት ይናገራል ማለት ስክሪኑ ላይ ያየነው መጠን፣ ፊደልና ቀለም ወረቀት ላይ ታትሞ ከሚወጣው ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ታዲያ ይህን በምን እናውቃለን? አንድ በአንድ እንየው።

1. ኢንቹን በወረቀት ለኩት

«24 ኢንች»፣ «27 ኢንች» የሚባለው የስክሪኑ ስፋት ወይም ቁመት አይደለም። ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርዝመት ነው፤ የዳር ፍሬሙ አይቆጠርም። 1 ኢንች ደግሞ 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው።

አሁን ከደብተራችሁ መሃል አንድ ኤ4 ወረቀት አስቡ። ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው ቅርጽ ያለው 24 ኢንች ሞኒተር ወደ ጎን 53፣ ወደ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አለው። ስለዚህ ኤ4 ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ ልክክ ብሎ ይቆምበታል። ችግሩ፣ የዲዛይን ፕሮግራሙ የራሱን መሣሪያዎች ከላይና ከታች ስለሚደረድር ገጹን ትንሽ ማሳነስ የግድ ይሆናል።

27 ኢንቹ ወደ ጎን 60፣ ወደ ላይ 33.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ኤ4 ጎን ለጎን ብታስቀምጡ 42 ሴንቲ ሜትር ይይዙና 18 ሴንቲ ሜትር ለመሣሪያዎቹ ይተርፋል። ከላይም ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። የተጋደመ ኤ3 ፖስተርም እንዲሁ በሙሉ መጠኑ ይታያል።

32 ኢንቹ 71 በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቦታ እንደ ልብ ነው፣ እውነት ነው። የክበባችን ጠረጴዛ ግን ጠባብ ነው። ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ የሚቀመጥ ልጅ አንገቱን ግራና ቀኝ ሲያዞር ሊውል ነው።

2. ሊጡ ምጣዱን ይሸፍናል ወይ?

በስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል ሁሉ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። «ፉል ኤችዲ» የሚባለው ሞኒተር ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስል አለው። አባዙት፤ 2,073,600 ይመጣል።

ልብ በሉ! ፉል ኤችዲ ከሆነ 24 ኢንቹም 32 ኢንቹም ያላቸው የፒክስል ብዛት እኩል ነው። ይኼ ለአንድ ትንሽ ምጣድ የሚበቃ ሊጥ በትልቅ ምጣድ ላይ እንደ ማስፋት ነው፤ እንጀራው ይሳሳል። በቁጥር ስናየው፣ ፉል ኤችዲ በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ርዝመት 92 ያህል ፒክስል ይኖረዋል። በ27 ኢንች ላይ ወደ 82፣ በ32 ኢንች ላይ ደግሞ ወደ 69 ይወርዳል። ለ27 ኢንች የሚስማማው 2560 በ1440 የሆነው ነው፤ በአንድ ኢንች 109 ያህል ይደርሳል። «ፎር ኬ» የሚባለው 3840 በ2160 ነው። እሱማ ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ፒክስል አለው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩም አቅም ያለው መሆን አለበት።

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች በጣም ያስፈልገናል። ለምን መሰላችሁ? «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለያቸው ከላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ብቻ ናት። ሰርተፊኬት ላይ ስም በትናንሽ ፊደል ሲጻፍ ይህች ሰረዝ ከደበዘዘች ስሕተቱ ሳይታይ ይታተማል። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ አንደኛ የወጣ ተማሪ ስሙ ተበላሽቶ ሲሰጠው ምን ይሰማዋል?

3. ብርሃንና ቀለም አንድ አይደሉም

በሥዕል ክፍለ ጊዜ ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅለን አረንጓዴ እናገኛለን። ስክሪን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስክሪን የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ቢጫ የሚገኘው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደመሩ ነው! ማየት የምትፈልጉ ቤት ውስጥ ቤተሰብ አስፈቅዳችሁ፣ ነጭ ገጽ የከፈተ ስልክ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የውኃ ጠብታ አስቀምጡና ተመልከቱ። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ስለምታገለግል ሦስቱ ቀለማት ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

ማተሚያ ቤት ደግሞ በብርሃን ሳይሆን በቀለም ነው የሚያትመው፤ ውኃ ሰማያዊ የሚመስለው ሳያን፣ ሐምራዊ ቀመስ የሆነው ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ባነራችን ስክሪን ላይ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ታይቶ፣ ታትሞ ሲመጣ ወደ ብርቱካን ያደላው አንዱ ምክንያት ይህ የብርሃንና የቀለም ልዩነት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ያረጀው ሞኒተራችን ነው፤ ቀለም አዛብቶ ያሳያል። የመጀመሪያውን ምክንያት ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። ሁለተኛውን ግን በመምረጥ ማስተካከል እንችላለን።

ሞኒተሮች በውስጣቸው ባለው ፓነል ይለያያሉ። «ቲኤን» የሚባለውን ከታች ወይም ከጎን ሆናችሁ ስታዩት ቀለሙ ይቀየራል። «ቪኤ» ጥቁሩ ደስ የሚል ጥቁር ነው፤ ከጎን ሲያዩት ግን ይደበዝዛል። «አይፒኤስ» ከየትም አቅጣጫ ቢታይ ቀለሙ ብዙም አይለዋወጥም። እኛ አንድ ስክሪን ለአምስት ለስድስት ከብበን የምንሠራ ልጆች ነን። ሁሉም የተለያየ ቀለም እያየ «ይኼ ቀይ ነው»፣ «አይ፣ ቡኒ ነው» እየተባባልን ከምንጨቃጨቅ አይፒኤስ ይሻለናል።

ካርቶኑ ላይ «ኤስአርጂቢ» የሚል ጽሑፍና የመቶኛ ቁጥር ፈልጉ። ይህ በ1996 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ የቀለም መለኪያ ነው። ቁጥሩ ወደ 100 በመቶ የተጠጋ ከሆነ ጥሩ ነው።

4. መስታወት እንዳንገዛ

የሚያብረቀርቅ ስክሪን ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። የክበባችን ክፍል ግን ትልቅ መስኮት አለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ዲዛይኑን ትተን የራሳችንን ፊት ነው የምናየው። ስለዚህ ገጹ የማያብረቀርቀው ይመረጣል። ጎባጣውም ለጌም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለዲዛይን ግን ቀጥ ያለ መስመር የጎበጠ እንዳይመስለን ጠፍጣፋው ይሻላል።

5. ገመዱስ?

በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው «ቪጂኤ» የተባለ ሰማያዊ ሶኬት አሁንም ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አለ። አዳዲስ ሞኒተሮች ግን አብዛኞቹ «ኤችዲኤምአይ» ወይም «ዲስፕሌይ ፖርት» ነው ያላቸው። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የትኛው እንዳለውና 2560 በ1440 ማውጣት ይችል እንደሆነ የአይሲቲ መምህራችን ቀድመው ቢያዩልን መልካም ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥልብን ስታቢላይዘርም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

6. ሱቅ ስንሄድ

መርካቶም እንሂድ መገናኛ፣ ነጋዴው «ይኼ አንደኛ ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሰዱ» ሊለን ይችላል። እኛ ግን ዓይናችንን ከፍተን ነው የምንገዛው! ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ፦

ሀ. ባዶ ኤ4 ወረቀት። ስክሪኑ ላይ አስደግፈን መጠኑን እናያለን። ነጭ ገጽ ከፍተንም ከወረቀቱ ጋር እናስተያያለን። ስክሪኑ እንደ አምፖል ቦግ ካለ ብርሃኑ ይቀነስ፤ በሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይከፈታልና።

ለ. የታተመው ያለፈው ዓመት ሰርተፊኬትና የራሱ ፋይል በፍላሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ቀለማቸውን እናወዳድራለን።

ሐ. ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴና ሙሉ ሰማያዊ የሆኑ አምስት ገጾች። አንድ በአንድ ስንከፍታቸው የማይለወጥ ነጥብ ካየን ያ ፒክስል ሞቷል ማለት ነው። በተለይ ያገለገለ ሞኒተር ከሆነ ይህን ሳናደርግ ገንዘብ አንክፈል። ደረሰኝና ዋስትናም እንጠይቅ።

ለማጠቃለል፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሐሳብ ይህ ነው፦ ኮምፒውተራችን ከቻለው ጠፍጣፋ፣ የማያብረቀርቅ፣ አይፒኤስ የሆነ፣ 2560 በ1440 ያለው 27 ኢንች ይገዛ። ገንዘቡ ካነሰ ወይም ኮምፒውተሩ ካልቻለ ደግሞ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ አይፒኤስ ይሁን። ሊጡ የሳሳ 32 ኢንች ግን ይቅርብን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በመጪው ዓርብ ከምሳ በኋላ በክበባችን ክፍል ድምፅ ይሰጣል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን ምክንያታችሁን ጽፋችሁ በሐሳብ መስጫ ሣጥናችን አስገቡልን። ቸር እንሰንብት!