መድፍ ስሙን ያወረሰው መጠጥ

አንባቢ ሆይ፤ በፓሪስ ወይም በለንደን ከአንድ ትልቅ ሆቴል ገብተው የመጠጡን ዝርዝር ቢመለከቱ፥ ከብዙ ስሞች መካከል «ፍሬንች ሰባ አምስት» የሚል ሊያገኙ ይችላሉ። አሳላፊው ጂን፥ የሎሚ ጭማቂና ስኳር ከበረዶ ጋር ያማታና በላዩ ሻምፓኝ ይሞላበታል። መልኩ ፈዘዝ ያለ ወርቅ ይመስላል፤ አረፋውም ከሥር ወደ ላይ ይፍለቀለቃል። ጣዕሙ ለስላሳ ስለ ሆነ ጠጪው ኃይሉን የሚያውቀው ከወንበሩ ለመነሣት ሲሞክር ነው።

ለመሆኑ ሰባ አምስቱ ምንድን ነው? የወይኑ ዕድሜ ነውን? አይደለም፤ የመድፍ አፍ ስፋት ነው።

ፈረንሳዮች በ1897 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሠሩት መድፍ የአፈሙዙ ስፋት 75 ሚሊሜትር ነበረ። ከእርሱ በፊት የነበሩት መድፎች በተተኰሱ ቍጥር ወደ ኋላ ስለሚንደረደሩ፥ ተኳሾቹ ወደ ቦታቸው እየገፉ እንደገና ማነጣጠር ነበረባቸው። ለዚህኛው ግን ዘይትና የታመቀ አየር ያለበት መሣሪያ ስለ ተገጠመለት፥ አፈሙዙ ብቻ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የሠለጠኑ ተኳሾች በአንድ ደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይተኵሱበት ነበር። ከጥይቶቹም አንዱ ዓይነት 300 ያህል የእርሳስ አረር በሆዱ ይዞ ከሰው ራስ በላይ የሚፈነዳ ነበር።

በሴፕቴምበር 1914 የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲገሠግሥ በማርን ወንዝ አጠገብ ተገታ። ፈረንሳዮችም ይህን መድፍ እንደ አዳኛቸው ቈጠሩት፤ በ1915 «የሰባ አምስት ቀን» ተብሎ ምስሉ ያለበት ሜዳልያ ለወታደሮች መርጃ ተሸጠ። መጠጡም «ኃይሉ እንደ መድፉ ነው» ሲባል ስሙን እንዳገኘ ይነገራል። አሠራሩ በ1930 በታተመው የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል የኮክቴል መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ነገር ግን ታሪኩ በብርጭቆው አያልቅም። በ1916 በቬርደን ፈረንሳዮችና ጀርመኖች አሥር ወር ያህል በመድፍ ተደባደቡ። ዛሬ በዚያ ስፍራ፥ በዱዎሞን፥ ስማቸው ያልታወቀ የ130,000 ያህል ወታደሮች አጥንት ወዳጅና ጠላት ሳይለይ በአንድ ቤት ተከማችቷል። በትንንሾቹ መስኮቶች አጐንብሶ የሚያይ ሰው አጥንቱን ያያል።

ይህን በክፍል ሳስረዳ አንድ ተማሪዬ እጁን አነሣና፥ «መምህር፥ ለመድፉ ስም ከተገኘለት ለሰዎቹ እንዴት ታጣላቸው?» ሲል ጠየቀኝ። በቂ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከጦርነት የተረፈ ወታደር ያን አስፈሪ ድምፅ አስታውሶ በጽዋው ላይ ቢሣለቅ ማንም አይፈርድበትም፤ ሣቁን በመከራው ከፍሎበታል። እኛ ግን ያልከፈልን ነን። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቀን ይህ ብርጭቆ ቢቀርብልዎ አይጠጡ አልልም። ከመጠጣትዎ በፊት ግን የስሙን ምንነት አጠገብዎ ላለው ሰው ይንገሩት።